ስም ያልተጻፈባቸው ሥዕሎችና ኖርዌያዊው አንድሬያስ ኦቤር፦ የእርሱ መንገድ ለጣና አብያተ ክርስቲያናት ይሆናልን?

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። ባሕር ዳር የምኖር የቅርስ ጥናት ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በዘጌና በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ላይ ነው። ሥዕሎቹ ስለሚተርኩት ታሪክ፣ ስለ አሳሳል ስልታቸው፣ ስላሠሯቸው ነገሥታትና መኳንንት የተጻፈ ነገር አላጣሁም። ስለ ሣሏቸው ሰዎች ግን የማገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ናርጋ ሥላሴ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሲማፀኑ ተሥለዋል፤ እርሳቸው ማን እንደሆኑ ደሴቲቱን የረገጠ ሁሉ ያውቃል፤ ልብሳቸውን በዚያ ጥንቃቄ የሣለው ሰው ግን እንደ እርሳቸው በስም ሲጠራ አንሰማም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ አንድሬያስ ኦቤር ስለሚባል ኖርዌያዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊና ሐያሲ ማንበብ ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1851 ተወልዶ በ1913 ያረፈ ሰው ሲሆን፣ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን ጀርመናዊውን ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክን ከመረሳት ካወጡት ሰዎች ቀዳሚው እርሱ እንደሆነ ይነገርለታል። የምጠይቃችሁ ነገር ሁለት ነው። ኦቤር ይህን ያደረገው በምን ዓይነት አሠራር ነው? ያ አሠራርስ ፊርማ በሌለበት፣ ሥዕሉ ለጸሎት እንጂ ለዕይታ ባልተሠራበት እንደ ጣና ባለ ቦታ ላይ ሊሠራ ይችላልን? ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉ ገዳማት ሴት ስለማይገባባቸው አንዳንዱን ሥዕል በፎቶግራፍ ብቻ ማጥናት ግድ እንደሚሆንብኝም ከግምት ውስጥ አስገቡልኝ።

መልስ፦ የሥዕል መምህር

እህቴ፣ ኦቤርን ለመረዳት ከእርሱ በፊት ከኖሩ ሁለት ሠዓሊዎች መነሣት ይሻላል። ዮሃን ክርስቲያን ዳል በ1788 በርገን በተባለችው የኖርዌይ የወደብ ከተማ ተወልዶ፣ በ1818 ወደ ድሬስደን ተሻግሮ፣ ቀሪ ዕድሜውን በዚያው የገፋ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ነበር። ከ1823 ጀምሮ በኤልበ ወንዝ ዳር ከፍሪድሪክ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ በጉርብትና ኖሯል፤ በአሳሳል ባይመሳሰሉም ወዳጆች ነበሩ። ፍሪድሪክ በ1835 ሕመም እጁን ከያዘው በኋላ እንደ ቀድሞው መሥራት አልቻለም፤ በ1840 ሲሞትም የሕዝቡ ምርጫ ወደ ሌላ ዓይነት ሥዕል ዞሮ ስለነበር፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስሙን የሚያነሣ እምብዛም አልነበረም። ከዚህም ጋር አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ፍሪድሪክ በአብዛኞቹ ሥዕሎቹ ላይ ስሙንም ሆነ ዓመቱን አይጽፍም ነበር። ስለዚህ «ፊርማ በሌለበት» ያልሽው ችግር የጣና ብቻ አይደለም።

ኦቤር ፍለጋውን ሲጀምር በልቡ የነበረው የአገሩ ልጅ ዳል ነበር፤ በ1893 መጽሐፍ ያሳተመውም ስለ እርሱ ነው። የዳል ሕይወት ግን ኖርዌይ ውስጥ ብቻ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለምና ዱካው ድሬስደን አደረሰው፤ እዚያም ጎረቤቱን አገኘ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሪድሪክ ደጋግሞ ጻፈ። በ1906 ሁጎ ፎን ቹዲ፣ አልፍሬድ ሊሽትቫርክና ዩልዩስ ማየር-ግሬፈ ያሰናዱት፣ የመቶ ዓመት የጀርመን ሥነ ጥበብን ያሳየው ታላቅ ዐውደ ርእይ በርሊን ላይ ሲከፈት፣ የፍሪድሪክ ሥዕሎች እንደ አዲስ ግኝት ታዩ፤ መንገዱን ከዓመታት በፊት የጠረገው ግን ከሰሜን የመጣው ይህ ጸሐፊ ነበር። በ1909 ደግሞ የፍሪድሪክ ዘመነኛ ስለነበረው ስለ ፊሊፕ ኦቶ ሩንገ መጽሐፍ አወጣ። ስለ ፍሪድሪክ ያዘጋጀው ሥራ ለንባብ የበቃው እርሱ ካረፈ በኋላ በ1915 ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የማይታወቀውን ለማግኘት ከሚታወቀው ጎረቤቱ መጀመር ያዋጣል። ለጣናም እንዲህ ያለ መነሻ አለን። ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የእመቤታችን ትልቅ የእንጨት ሥዕል የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስምና የንጉሡን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ስም በጽሑፍ ይዟል፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ስለ ነገሡ ሥዕሉም ሠዓሊውም በ15ኛው ክፍለ ዘመን በትክክል ቦታቸውን ያገኛሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ማሪሊን ሄልድማን ይህንኑ ሥዕል መልሕቅ አድርጋ፣ የፊቱን አሳሳል፣ የእጁን አያያዝና የልብሱን እጥፋት ከሌሎች የእንጨት ሥዕሎች ጋር በማነጻጸር፣ ስም ያልተጻፈባቸውን ሥራዎች ወደዚያው እጅ አስጠግታለች፤ ጥናቷም በ1994 ታትሟል። ሴት ሆና ስለ ዳጋ ሥዕል የጻፈች ሰው መኖሯ ላንቺ ጥያቄ በቂ መልስ ይመስለኛል። በፎቶግራፍ መሥራት ይቻላል፤ ግን ፎቶግራፉ ሙሉውን ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ አይበቃም። ጣትን፣ ጆሮን፣ የዓይን ቆብን፣ የልብስ ጠርዝን በቅርብ ያነሣ መሆን አለበት፤ ሠዓሊ እጁ የለመደውን ሳያስበው የሚደግመው በእነዚህ ቦታዎች ነውና።

የጊዜውንም ነገር ላንሣ። በ1931 ሙኒክ ውስጥ የመስታወት ቤተ መንግሥት ተብሎ በሚጠራው አዳራሽ በተነሣ እሳት በርካታ የሮማንቲክ ዘመን ሥዕሎች፣ የፍሪድሪክም ጭምር፣ ተቃጥለዋል። እነኦቤር ቀድመው ጽፈውላቸው ባይሆን ኖሮ አብሯቸው የሚጠፋው ብዙ ነበር። በጣና ዙሪያም ሥዕሉ ያረፈው በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ምስጥ ሲገባ፣ የሌሊት ወፍ ሲሰፍርበት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንቺ አሁን የምትመዘግቢው ነገር ዋጋው ከመመረቂያ ጽሑፍ በላይ ነው።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

በአስጎብኚነት የምሠራ በመሆኔ ከመምህሩ መልስ ላይ ከቦታው የማውቀውን ልጨምር። በመጀመሪያ፣ አንድን ቤተ ክርስቲያን «የእገሌ ዘመን ሥዕል» ብሎ በጅምላ መጥራት ያሳስታል። በአንድ መቅደስ አራት ግድግዳዎች ላይ በተለያየ ጊዜ የሠሩ ሰዎች እጅ ሊኖር ይችላል፤ የበሮቹ መላእክት በአንድ ሰው፣ ከላይ ያሉት በሌላ ሰው ተሥለው፣ እንደገና በኋላ ዘመን ቀለማቸው የታደሰም አሉ። ሰው የሚዳስሰውና የሚሳለመው የታችኛው ክፍል ቶሎ ስለሚጎዳ ብዙ ጊዜ የሚታደሰው እርሱ ነው። ስለዚህ የሠዓሊን እጅ የሚፈልግ ሰው ቀና ብሎ ከላይኛው ክፍል ቢጀምር ያልተነካውን ሥራ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ሁለተኛ፣ ኦቤር የዳልን ሕይወት ይዞ እንደ ተነሣ ሁሉ እርስዎም ከሥዕሉ ጎን የተጻፈውን ይፈልጉ። አብያተ ክርስቲያናቱ በወርቅ ወንጌላቸው ትርፍ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታን፣ የንዋየ ቅድሳትን ዝርዝር፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያኑ መቼና በማን እንደታደሰ ይመዘግባሉ። ሠዓሊው በስም ባይጠቀስ እንኳ ያሠራው ሰውና ዘመኑ ከታወቀ ፍለጋው ይጠባል። በግድግዳው ላይም ከተደፉት ተማፃኞች አጠገብ የተጻፈውን ስም አንድ በአንድ ይገልብጡ፤ ብዙ ጎብኚ ምስሉን አይቶ ጽሑፉን ሳያነብ ያልፋል። ለቅርብ ዘመን ሥራ ደግሞ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው፤ በዘጌ የማን አያት ቀለም ይበጠብጥ እንደነበር በቃል የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ሲያልፉ የሚጠፋውን የሚተካ ሰነድ አይኖርም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። ሥዕል አጥኚ ነኝ ብሎ የመጣን ሁሉ አባቶች በደስታ የማይቀበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጎንደር ከሚገኘው ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የጥንቱን ሥዕል ነቅሎ፣ በምትኩ ቅጂ ለጥፎበት፣ ዋናውን ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ ዛሬም እዚያው ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ያን ጊዜም የተባለው «ለጥናት» ነበር።

መልስ፦ የሥዕል መምህር

ወንድሜ የጠቀስኸው በዳልም ታሪክ ውስጥ ተመሳሳይ አለው። ዳል ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ በመካከለኛው ዘመን ከእንጨት የተሠሩትን የአገሩን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳይ መጽሐፍ በ1837 አሳትሟል፤ በ1844 የጥንት ቅርሶች ጠባቂ ማኅበር ሲቋቋምም ከአነሣሾቹ አንዱ እርሱ ነበር። ያን ጊዜ አጥቢያዎቹ ጠበቡን እያሉ ጥንታዊዎቹን ያፈርሱ ነበርና፣ ቫንግ በተባለ ቦታ የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን ዳል በ1841 በጨረታ ገዛት፤ የፕሩሺያው ንጉሥ ወጪውን ሸፍኖ፣ ተፈታትታ በመርከብ ተጓጉዛ፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በሚገኘው በካርፓች ተራራ ላይ ተተከለች። ከመፍረስ ድናለች፤ ኖርዌይ ግን አጥታታለች። የአባ እንጦንዮስ ግን ከዚህም ይለያል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት አልተነሡም ነበር። በቦታው ጠብቆ ማቆየት ከሁሉ እንደሚበልጥ ከሁለቱም ታሪኮች እማራለሁ።

መልስ፦ የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር

እኅታችን፣ ጥናትሽን አልቃወምም፤ ግን ከመንገዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ ላኑርልሽ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስሙን ያልጻፈው ስለተረሳ ወይም ጊዜ ስለከዳው ነው ብለን ለምን እንጀምራለን? ፍሪድሪክ ሥራው በሰው ቤትና በዐውደ ርእይ እንዲታይለት የሚሠራ ሰው ነበር፤ ስለዚህ መረሳቱ በእርግጥ ጉዳት ነው። ከቅኔ ማሕሌት ወደ ቅድስት አልፎ የመቅደሱን ግድግዳ የሚሥለው ሰው ግን ጾሞ ጸልዮ የሚሠራ፣ የሚሥለውም ከአባቶቹ የተቀበለውን ሥርዐት ተከትሎ ነው። ምእመኑ ሥዕሉ ፊት ቆሞ የሠዓሊውን ሳይሆን የእመቤታችንን ስም እንዲጠራ ይፈልጋል። ያሠራው ሰው ስም መጻፉ ለክብር ብቻ አይደለም፤ በጸሎት እንዲታሰብ ነው። ይህን ሥርዐት ትተን እያንዳንዱን እጅ በስምና በብልጫ ደረጃ ብንደረድር፣ ሥዕሉን ከቆመበት ዓላማ እንዳናወጣው እሰጋለሁ።

ሌላም ስጋት አለኝ። ኦቤር የጻፈበት ዘመን ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራትን አንድነት ልታፈርስ የተቃረበችበት ነበር፤ በ1905 ተለያይተዋል። በ1904 ስለ አዲሲቱ ኖርዌይ ሥዕል መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ሥዕልን የአገር ማንነት ምስክር አድርጎ ማየቱ አይደንቅም። ስለ ፍሪድሪክ የጻፈው ከሞተ በኋላ የወጣው መጽሐፍም በርዕሱ እግዚአብሔርን፣ ነጻነትንና አባት አገርን አንድ ላይ ያነሣል። ሐሳቡ በእርሱ ዘንድ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን ናዚዎች ያንኑ ፍሪድሪክን ለራሳቸው ዓላማ መጠቀሚያ አደረጉት። ሠዓሊን ከመረሳት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ካወጡት በኋላ ማን እንደሚይዘው ማሰብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኛም ዘንድ «የእኛ አካባቢ ሠዓሊ፣ የእነርሱ አካባቢ ሠዓሊ» የሚል ሽኩቻ ቢነሣ የሚጎዳው ቤተ ክርስቲያኑ ነው።

መልስ፦ ቀለምና ብዕር

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ታሪክ ጸሐፊው ኦቤር ነው፤ ስለ ሐያሲው ኦቤር ግን ማንም አልተናገረም። ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምረው ይኸኛው ገጹ ነው።

በ1886 የመጸው ወራት በክርስቲያኒያ፣ ማለትም በዛሬዋ ኦስሎ፣ በተከፈተው ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ላይ ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ኤድቫርድ ሙንክ አንድ ሥዕል አቀረበ። በትራስ ላይ የተደገፈች ቀይ ጠጉር ታዳጊና አጠገቧ አንገቷን የደፋች ሴት ይታዩበታል፤ በ1877 በሳንባ ነቀርሳ ከሞተችው ከታላቅ እኅቱ ከሶፊ ትዝታ የመነጨ ነው፤ ዛሬ «ሕመምተኛዋ ልጅ» ተብሎ ይታወቃል። ሙንክ ቀለሙን ደጋግሞ እየቀባና እየፋቀ ስለ ሠራው ገጹ የተቧጨረ ነው። አብዛኛው ተመልካች ተቆጣ። ኦቤር ሞርገንብላደት በተባለው ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ በወጣቱ ውስጥ ልዩ ተሰጥዎ እንዳለ መሰከረ፤ ነገር ግን ተሰጥዎው እንዳይባክን እንደሚፈራ፣ ሥዕሉ ግማሹ እንደ ተፋቀ የተጣለ ንድፍ እንደሆነ፣ ለራሱ ለሙንክ ሲባል ዐውደ ርእዩ ባይቀበለው ይሻል እንደነበር ገለጸ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው አላዋቂ ወይም ምቀኛ አልነበረም። የ1880ዎቹን ወጣት ኖርዌያውያን ሠዓሊዎች የደገፈ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ፍሪድሪክን ከመረሳት ያወጣ ዓይን ነው። ያ ዓይን ከመቃብር ያለውን አንጥሮ ሲያይ በፊቱ የቆመውን ግን በከፊል ብቻ አየው።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ ዳልንና ፍሪድሪክን ሲያጠና ዓመታት ነበሩት፤ ዐውደ ርእይን ሲተች ግን ቀናት ብቻ። በተጨማሪም ተፈጥሮን በጤናማ ዓይን ያያል ብሎ የሚያምንበት የሥዕል መንገድ ስለነበረው፣ የታመመን ስሜት በታመመ ቀለም የሚያሳይን ሥራ የሚያኖርበት ቦታ አላገኘለትም። ቀጣዩ ትውልድ ግን አገኘለት፤ ከ1908 ጀምሮ የብሔራዊ ሥዕል ቤቱን የመራው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር የንስ ቲስ የሙንክ ብርቱ ደጋፊ ነበር፤ በ1910ም «ጩኸት» የተባለው ዝነኛ ሥዕል ከሰብሳቢው ከኡላፍ ስኮው በስጦታ ወደዚያ ገባ።

ሆኖም ኦቤርን የምወደው ስለዚህ ሂሱም ጭምር ነው። ያየውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ አኖረ፤ ስለ አኖረም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ልንሟገተው ቻልን። በባሕር ዳር ዛሬ በሐይቁ ዳር ለጎብኚ የሚሥሉ፣ በአዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚሥሉ ሠዓሊዎች ሞልተዋል። ስለ ሥራቸው የምንሰማው ወይ «ግሩም ነው» የሚል ምርቃት ወይ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ትካዜ ነው። የትኛው አሳሳል እንደተሳካ፣ የትኛው ፊት ከታተመ ስዕለ አድኅኖ እንደተገለበጠ፣ የፋብሪካ ቀለም በግድግዳው ላይ ምን እንዳመጣ ቆሞ አይቶ የሚጽፍ ሰው እምብዛም የለም። እህቴ፣ ከጽሑፍሽ አንዱን ምዕራፍ ዛሬ በሕይወት ላሉት ብትሰጪ ለሚመጣው አጥኚ የወርቅ ወንጌል ማስታወሻ ያህል ይሆንለታል። ስማቸውን ዛሬ መጠየቅ ይቻላልና።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ከሚታወቀው መጀመር የሚለው ምክርዎ የጥናቴን አቅጣጫ ቀይሮታል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ከማዳረስ ይልቅ በአንድ ላይ፣ ምናልባትም በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ተወስኜ በግድግዳዎቹ ላይ ስንት እጅ እንዳለ ለመለየት እሞክራለሁ። ስም ካልተገኘ ስም አልፈጥርም፤ «የሰሜን በር የመጀመሪያው እጅ» እያልሁ እመዘግባለሁ።

የቅኔ ቤቱ ወንድሜ ያነሡትን በቀላሉ የማልፈው አይደለም። እርስዎ እንዳሉት ሠዓሊው ስሙን የተወው በእምነት ከሆነ፣ እኔ በብልጫ ደረጃ ልደረድረው አይገባም። ሆኖም ፍሬ ጽዮን በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ለዚያውም በገዳም ሥዕል ላይ፣ ስሙ ተጽፏልና ስም መጻፍ በራሱ ከሥርዐቱ ውጭ እንዳልነበረ አስባለሁ። አንድን እጅ ከሌላው መለየቴም ሲታደስ የትኛው ክፍል በጥንቃቄ ሊያዝ እንደሚገባ ለደብሩ የሚጠቅም ይመስለኛል። በዚህ ላይ ያለዎትን አስተያየት ብሰማ ደስ ይለኛል።

ስለ ሕያዋን ሠዓሊዎች የቀረበው ሐሳብ ግን ለአንድ ምዕራፍ ይከብዳል፤ ቃለ መጠይቃቸውን አሁን ሰብስቤ ለብቻው ላሳትመው እሞክራለሁ። የዘጌውን ወንድሜን የምጠይቀው ደግሞ ፈቃዱንና ጊዜውን ነው፤ ከማን ልጀምር፣ መቼስ ልምጣ?

መልስ፦ የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር

ስለ ፍሬ ጽዮን ያልሽው ትክክል ነው፤ ለእድሳት ይጠቅማል ያልሽውም አሳምኖኛል። ስትጽፊ ግን ሥዕሉ በየትኛው በዓልና በየትኛው ጸሎት ጊዜ ፊቱ እንደሚቆምበት ከእያንዳንዱ መግለጫ ጎን አስፍሪ። ያ ከሌለ ጽሑፍሽ ግማሽ ይሆናል።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

መጀመሪያ ከትምህርት ክፍልዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሂዱ፤ የሀገረ ስብከቱን ደብዳቤ ይዘው ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ይመጣሉ። ከላይ ወደ ታች ካልሄዱ ደጅ ጥናቱ ይረዝማል። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ለበረከት ይምጡ እንጂ ለሥራ አይመችም። ክረምት ከገባ በኋላ ደግሞ በውስጥ ያለው ብርሃን ስለሚያንስ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሮቹ ተከፍተው የቀን ብርሃን ሲገባ ቢሠሩ ጥሩ ነው። ብልጭታ ያለው ካሜራ አይጠቀሙ፤ ቀለሙን ይጎዳል ተብሎ ይከለከላል።

የወርቅ ወንጌሉን በመጀመሪያው ቀን አይጠይቁ። ሲተዋወቁ፣ ከዕቃ ጠባቂው አባት ጋር ቁጭ ብለው የሚፈልጉት የትኛውን ቅጠል እንደሆነ ያስረዷቸው፤ ሲፈቀድ እርሳቸው ይገልጣሉ፣ እርስዎ ይገለብጣሉ። ያነሡትን ፎቶግራፍና የጽሑፍዎን አንድ ቅጂ ለደብሩ ለመስጠት በደብዳቤው ላይ አስቀድመው ቃል ይግቡ። ጀልባው ከባሕር ዳር ጠዋት ሲነሣ ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ መመለሻዎን በዚያው ልክ ያስቡበት።